ስማችን የተጻፈበት መዝገብ
ስለ ፍርሃትና ስለ እምነት፣ በካኩማ ለምንኖር ወገኖች

በዚህ እትማችን ብዙዎቻችን በልባችን ይዘነው የምንዞረውን፣ ነገር ግን በግልጽ የማንነጋገርበትን አንድ ጉዳይ ልናነሳ ወደድን። ጉዳዩ ፍርሃት ነው።

ስለ ራሽን እናወራለን፤ ስለ ውሃም፣ ስለ ፕሮሰስም ቡና በተፈላበት ሁሉ ይወራል። ፍርሃትን ግን ማንም አያነሳውም። ወንዱ «ፈሪ» እንዳይባል፣ ሴቷ «አእምሮዋ ተነካ» እንዳትባል፣ አማኙም «እምነቱ ጎደለ» እንዳይባል ሁሉም ዝም ይላል። ዝም ስላሉት ደግሞ ፍርሃት አይተኛም። ቀን አፍነን የያዝነው ነገር ሌሊት መኝታችን ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ በስሙ ጠርተነው ብንነጋገርበት ይሻላል ብለናል።

የምንፈራው ምንድን ነው?

እንደሚታወቀው ካኩማ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። እኛ ኢትዮጵያውያንም እ.ኤ.አ. በ1991 ከነበረው የመንግሥት ለውጥ በኋላ በዋልዳ በኩልም በሌላም መንገድ እየመጣን እዚህ ከሰፈርን ብዙ ዘመን ሆነን። ከዚያ ወዲህም በየጊዜው ሌሎች ወገኖቻችን መጥተው ተቀላቅለውናል። እያንዳንዱ ዘመን ታዲያ የራሱ ፍርሃት ነበረው። አንዱ ያሳደዱት ሰዎች እዚህም ተከትለውት እንዳይመጡ ይፈራል። ሌላው የሌሊት ሌባና የጥይት ድምፅ ይፈራል። እናት ልጇ ለእንጨት ወጥታ እስክትመለስ ልቧ አይረጋም። ዝናብ ሲመጣ ላጋው ሞልቶ ቤት እንዳይወስድ እንፈራለን፤ ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ በአቧራና በሙቀት ሕፃናቱ እንዳይታመሙ እንፈራለን። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወልም ከማንሳታችን በፊት «ማን ሞቶ ይሆን?» እንላለን።

በቅርብ ዓመታት የሆነውንም እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የኬንያ መንግሥት ካኩማንና ዳዳብን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅና ቀጥሎም ሰኔ 30 ቀን 2022 የመዝጊያ ቀን ተብሎ ሲቆረጥ ምን ያህል ሰው እንቅልፍ እንዳጣ የምናውቀው ነው። ቀኑ መጣ፣ አለፈ፣ ካምፑም አልተዘጋም። እነዚያ ወራት ግን በፍርሃት አለቁ። በጥር 2025 ደግሞ አሜሪካ የስደተኞች ቅበላዋን አገደች። ከዚያም ለ2026 የበጀት ዓመት ለመላው ዓለም ያስቀመጠችው ጣራ 7,500 ሰው ብቻ ሆነ። ሜዲካል ጨርሶ፣ ዕቃውን ሸጦ፣ ጎረቤቱን ተሰናብቶ የቀረ ሰው በየብሎኩ አለ። በዚያው ዓመት አጋማሽም የእርዳታ ገንዘብ በመቀነሱ ራሽናችን ከሙሉው መጠን ከሲሶ በታች ወረደ።

ይህንን የምንዘረዝረው ሐዘን ለመጨመር አይደለም። የምንፈራው ነገር እውነት መሆኑን አስቀድመን መመስከር ስላለብን ነው። በባዶ ሆድ የተቀመጠን ሰው «ምን ያስፈራሃል?» ማለት ማጽናናት አይሆንም። ፍርሃታችን ከምንም የመጣ አይደለም፤ ምክንያት አለው።

ችግሩ ፍርሃት ከመጣ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው። ፍርሃት ጎረቤትን ያጠራጥራል፤ «እሱ የማን ወገን ነው? ይህቺስ የማን ጆሮ ናት?» ያስብላል። በአገር ቤት ጠብ በተነሳ ቁጥር እዚህ በአንድ ቦኖ የምንቀዳ ሰዎች ሰላምታ እንነፋፈጋለን። የተደፈረችውንና የተደበደበውን ሰው ያፍናል፤ «ብናገር ኬዜ ይበላሽብኛል» ያሰኛል። ይግባኝ መጻፍ የሚችለውን ሰው ደብዳቤውን ሳይከፍት ሳጥን ውስጥ እንዲያስቀምጠው ያደርገዋል። ወጣቱን በመጠጥና በጫት ያደነዝዘዋል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሰውን «እኔ ከእንግዲህ ምንም አይደለሁም» ወደሚል ሐሳብ ይመራዋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህች ላይ ነው።

መፍራት ኃጢአት ነው እንዴ?

አንዳንድ አማኞች የፈራን ሰው ሲያዩ ወዲያው ወደ ተግሣጽ ይሮጣሉ። «እምነት ካለህ አትፈራም» ይላሉ። መጽሐፉ ግን እንደዚህ አያደርግም።

ኤልያስን እንመልከት። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 ላይ በቀርሜሎስ ተራራ ብቻውን በብዙ መቶ የበኣል ነቢያት ፊት የቆመ ሰው ነው። በምዕራፍ 19 ላይ ደግሞ ንግሥት ኤልዛቤል ልትገድለው መዛቷን ሲሰማ ሸሸ። አገልጋዩን ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም መሞትን ለመነ። እኛ በምድረ በዳ የምንኖር ሰዎች ይህንን ታሪክ ማንም ሳያስረዳን ይገባናል። ፀሐዩን እናውቀዋለን፤ ብቸኝነቱንም እንደዚያው።

እግዚአብሔር ያን ጊዜ ምን አደረገ? አልገሠጸውም፤ ስብከትም አልሰበከውም። መልአኩ ቀሰቀሰውና የተጋገረ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት። በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፤ ሁለተኛም ተቀስቅሶ በላ። ምግቡና እንቅልፉ ቀደሙ፤ ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ንግግሩ ሲመጣም ኤልያስ «ብቻዬን ቀረሁ» ብሎ ያሰበው ትክክል እንዳልነበረ፣ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው። እንግዲህ ለፈራ ሰው አገልግሎት የሚጀመረው ከዚህ ነው፤ መጀመሪያ የሚበላው ነገር፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ከዚያም «ብቻህን አይደለህም» ማለት።

ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ መከራው ሲቀርብ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ ነገራቸው፤ አብረውትም እንዲተጉ ለመናቸው። ሐዘኑን አልደበቀም። ስለዚህ «ጨንቆኛል፣ አብራችሁኝ ቁሙ» ማለት ከእምነት ያጎድላል የሚል ሰው ወደዚያ የአትክልት ስፍራ ተመልሶ ይመልከት።

መሸሽስ?

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላም ቁስል አለ። ብዙዎቻችን «አገሬን፣ ቤተሰቤን፣ ወንድሞቼን ጥዬ ሸሸሁ፤ እምነት ቢኖረኝ ኖሮ እዚያው እሞት ነበር» የሚል ክስ በውስጣችን ይዘን እንኖራለን። በተለይ በአገራችን የእምነት ታሪክ ውስጥ ያልሸሹ ትልልቅ ሰዎች ስላሉ ክሱ ይበረታል።

አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስት ኢጣሊያ ጊዜ ሕዝባቸውን አናወግዝም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ታስረው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ሳለ ምእመናኔን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳም ከዚያ በኋላ ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር ተሠቃዩ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም በአንድ ዘመን፣ በአንድ መንግሥት እጅ አብረው ዋጋ ከፈሉ።

እነዚህን አባቶችና እናቶች እናከብራቸዋለን። ግን እነሱ የጸኑበት እምነት ራሱ ሽሽትንም ያውቃል። ሄሮድስ ሕፃናትን ሊያስገድል በተነሳ ጊዜ መልአኩ ዮሴፍን በሕልም ተናግሮ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ እንዲሸሽ አዘዘው። ዮሴፍ ይህንን ታዝዞ አደረገው፤ ፈሪ ያለውም የለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በደማስቆ ሊገድሉት ሲጠብቁት ወንድሞች በሌሊት በቅርጫት አድርገው በቅጥሩ አወረዱት። ይኸው ጳውሎስ በኋላ እስራት እንደሚጠብቀው እያወቀ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቷል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እኮ በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን 40 ቀን ሙሉ የምትዘምረው ስለዚህ ስደት ነው። ኅዳር 6 ቀንም ቁስቋምን ታከብራለች። ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመው እመቤታችን ልጇን አዝላ በበረሃ የተንከራተተችበትን ለማሰብ ነው። ስደትን በአበባ ያሰበች ቤተ ክርስቲያን ስደተኛን እንዴት ታሳፍረዋለች? ስለዚህ የሸሸህ ወንድማችን፣ የሸሸሽ እህታችን፣ መሸሻችሁ እምነታችሁን አይሽርባችሁም። ትልቁ ጥያቄ «ለምን ሸሸሁ?» የሚለው ሳይሆን «አሁን እዚህ ሆኜ ማን ነኝ?» የሚለው ነው።

በቁጥር የሚጠራ ሰው

ካምፕ ሰውን በቁጥር ያውቀዋል። ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ በመቶ ሺሕ ለሚቆጠር ሰው እህል ለማደል ቁጥር ያስፈልጋል። ራሽን ካርድ አለን፤ የቤተሰባችን ልክ በላዩ ተጽፏል። ኬዝ ቁጥር አለን፤ ከስማችን ይልቅ እሱን በቃላችን እናውቀዋለን። የልደት ወረቀት ስላልነበረን ብዙዎቻችን ጃንዋሪ 1 ቀን እንደተወለድን ተጽፏል። አንዳንዴ እንስቅበታለን፤ በዚያ ቀን የካምፑ ግማሽ ልደቱን ያከብራል እንላለን! ስማችንም የአያት ስም ከአባት ስም ተዘዋውሮ፣ ፊደሉ ተዛንፎ ይጻፋል።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ እስከቀረ ድረስ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ልባችን ውስጥ ሲገባ ነው። ከዓመታት በኋላ ሰው ራሱን ወረቀቱ እንደሚያየው ማየት ይጀምራል። ሰሌዳው ላይ ስሙ ከወጣ ሰው የሆነ፣ ካልወጣ ሰው ያልሆነ ይመስለዋል። «ሪጀክት ተደረግሁ» ሲል ኬዙ መሆኑን ይረሳና እሱነቱ የተጣለ ያህል ይሰማዋል። ፍርሃት ሥር የሚሰድደው እንዲህ ባለ ልብ ላይ ነው። ማንነታችን በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ካለ፣ ያ ጠረጴዛ በተነቃነቀ ቁጥር እኛም እንንቀጠቀጣለን።

በዘፍጥረት ምዕራፍ 16 ላይ የአጋርን ታሪክ እናገኛለን። ግብፃዊት ናት፤ በሰው አገር፣ በሰው ቤት ገረድ ናት፤ ነፍሰ ጡርም ናት። አብራምና ሦራ በዚያ ምዕራፍ ስለ እርሷ ሲነጋገሩ አንድም ጊዜ በስሟ አይጠሯትም፤ የሚሏት ገረድ ብቻ ነው። መከራው ሲበዛባት ኮበለለች። በምድረ በዳ፣ በውሃ ምንጭ አጠገብ የእግዚአብሔር መልአክ አገኛት። መጀመሪያ በስሟ ጠራት። ቀጥሎ ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የማያውቃቸው ስደተኛ የለም። በየኢንተርቪው ተጠይቀናቸዋል፤ መልሳችንም ተመዝግቦ ተቀምጧል። ልዩነቱ ለአጋር ጥያቄው ከመቅረቡ በፊት ስሟ መጠራቱ ነው። ጠያቂው ያውቃታል። እርሷም በበኩሏ ለእግዚአብሔር ስም አወጣችለት፤ የሚያየኝ አምላክ ብላ ጠራችው። ችግሯ በዚያን ቀን አላለቀም። ግን የታየች፣ የታወቀች ሰው ሆና ከዚያ ምንጭ ተነሳች።

ከካርዱ በፊት የነበረ ስም

እኛም ከራሽን ካርዱ በፊት ስም ነበረን። ኦርቶዶክሱ ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ ተጠምቆ የክርስትና ስም ወጥቶለታል። ወልደ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ሚካኤል ይባላል። ካህኑ ሲያቆርበው፣ ሲጸልይለት፣ ሲሞትም ሲፈታው የሚጠራው በዚህ ስም ነው። አንገታችን ላይ ያለው ማተብም ይህንኑ ያስታውሰናል፤ ይህ ሰው ባለቤት አለው ይላል። ወንጌላዊው አማኝም ቢሆን በክርስቶስ አምኖ የእግዚአብሔር ልጅ መባልን እንደ ማንነቱ ይይዛል። አገላለጻችን ይለያይ ይሆናል፤ ግን ሁላችንም የምንለው ማንነታችንን የሰጠን ቢሮ እንዳይደለ፣ ቢሮም ሊወስድብን እንደማይችል ነው።

አንዲት የብሎካችን እናት ስለዚህ ጉዳይ ስናነጋግራቸው ጎናቸው የተቀመጠው ጎረምሳ፣ «እማማ፣ ፎርሙ ላይ ስምዎን ሳያስተካክሉልዎ እንዲሁ ይተዉታል?» አላቸው። «አልተውም ልጄ፤ ነገም እሄዳለሁ፤ እስኪያስተካክሉልኝ እመላለሳለሁ» አሉት። ቀጥለውም፣ «እስከዚያው ግን እኔ ወለተ ሚካኤል ነኝ። እግዜር ፊደል አይስት!» ብለው ሳቁ። ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህቺ አነጋገር አስተማረችን። እማማ ወረቀቱን አልናቁትም፤ ነገም ይሄዳሉ። ግን ወረቀቱ እስኪስተካከል ድረስ ሰው መሆናቸውን አላቆሙም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይም ጌታ የላካቸው ሰባው ደቀ መዛሙርት ሥራቸው ተሳክቶ፣ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። እርሱ ግን ደስታቸውን በተሳካላቸው ነገር ላይ ሳይሆን ስማቸው በሰማይ በመጻፉ ላይ እንዲያደርጉት ነገራቸው። ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ተጋፍተን ለምናነብ ሰዎች ይህ ቃል ትልቅ ነው። የተሳካለት ሰው ነገ ላይሳካለት ይችላል፤ የተለጠፈ ወረቀትም ይነሳል። ደስታችንና መረጋጋታችን በዚያ ላይ ብቻ ከተሰቀለ አብሮ ይወርዳል። በእግዚአብሔር ዘንድ የተጻፈ ስም ግን በፖሊሲ ለውጥ አይሰረዝም።

ተማርኮ የመጣው ልጅ

የአገራችን ክርስትና ራሱ የመጣው በአንድ የተማረከ ልጅ በኩል መሆኑን እናስታውስ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉ ሁለት ልጆች ከጢሮስ ተነስተው ከአስተማሪያቸው ጋር በመርከብ ይጓዙ ነበር። መርከቡ በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲቆም ጥቃት ደረሰበትና አብረዋቸው የነበሩት ተገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ተርፈው ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ። በቤተ መንግሥትም አገልጋዮች ሆኑ።

እነዚህ ልጆች የሚፈሩበት ምክንያት ነበራቸው። የሚያውቁት ሰው ሁሉ ዓይናቸው እያየ ሞቷል፤ ቋንቋው አይታወቅም፤ የሚመለሱበት መርከብም የለም። ፍሬምናጦስ ሲያድግና ሥልጣን ሲሰጠው ግን በከተማው የሚኖሩ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ ሰብስቦ የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው አደረገ። ገና ካህን አልነበረም። በኋላ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ሲፈቀድላቸው ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ሄደ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ጳጳስ እንዲላክ ፓትርያርኩን አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም እርሱኑ ጳጳስ አድርጎ ሾመው፤ ፍሬምናጦስም ተማርኮ ወደመጣበት አገር በፈቃዱ ተመለሰ። ዛሬ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምንጠራው እርሱን ነው።

ልብ በሉ፤ አንድ ልጅ ምርኮኛ ተባለ፣ አገልጋይም ተባለ። ሁለቱም በጊዜው እውነት ነበሩ፤ ግን የመጨረሻ ስሙ አልሆኑም። «ስደተኛ» የሚለው ስማችንም እውነት ነው፤ መብት የምንጠይቅበትም ስም ስለሆነ አናፍርበትም። የመጨረሻ ስማችን ግን አይደለም።

ፍርሃትን የሚነግዱ

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ማለፍ የለብንም። ሰው ሲፈራ የሚነግድበት አይጠፋም። በስደት መንደር ውስጥ «ኬዝህ በዚህ ወር ይወጣል ብሎ ጌታ ነገረኝ» እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ አሉ። «ጠላት አስሮብሻል፣ ይህንን ያህል አምጪና ይፈታል» የሚሉም አሉ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የኤችአይቪ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድን ሰው «እምነት ካለህ ጣለው» የሚሉ ደግሞ በሰው ሕይወት ይጫወታሉ።

መለያው ቀላል ነው። እውነተኛ አገልጋይ ፍርሃትህን አይቶ ይቀንስልሃል፤ ነጋዴው ግን እንድትመለስለት ይጨምርልሃል። የእግዚአብሔር ስጦታ ዋጋ አይቆረጥለትም። ፕሮሰስ የሚያውቀው ቢሮው ነው፤ አገልግሎቱም በነጻ ነው፤ ገንዘብ የጠየቀ ሰው ካለ መናገር ነው። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ክኒኑንም ይዋጥ። እጅ የተጫነበትም ቀጠሮውን አይዝለል። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም፤ ሉቃስ ራሱ ወንጌላዊም ሐኪምም ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እምነት ፍርሃትን በአንድ ቀን ያጠፋል አንልም። እምነት የሚያደርገው ፍርሃት ወንበሩን እንዳይይዝ ነው። ፍርሃቱ ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ አዛዡ ግን እሱ አይሆንም። ለዚህ የሚረዱ፣ በማኅበረሰባችን ውስጥ የተጠቀሙ ሰዎች ያካፈሉንን ጥቂት ነገሮች እነሆ።

አንደኛ፣ ፍርሃትን በስሙ መጥራት። በጸሎት ጊዜ «ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ» ብቻ ብሎ ከማለፍ «ልጄ እንዳይራብብኝ ፈርቻለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር ይቻላል። መዝሙረ ዳዊትን የሚያነብ ሰው እንደሚያውቀው ዳዊት የሚያስፈራውን ሁሉ ለአምላኩ ዘርዝሮ ይነግረው ነበር።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ለሚታመን ሰው መንገር። የንስሐ አባት፣ መጋቢ፣ የታመነ ጓደኛ ወይም በካምፑ ያሉ አማካሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እንቅልፍ ለሳምንታት የጠፋበት፣ ያለፈው ነገር ዓይኑ ላይ እየመጣ የሚያስጨንቀው፣ ወይም መሞትን የሚያስብ ሰው ብቻውን አይደር። ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ቤተሰቡም አብሮት ይሁን። ኤልያስም ሞትን ለምኖ ነበር፤ የሚበላና የሚጠጣ የቀረበለት እንጂ የተፈረደበት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ፍርሃት የከለከለንን አንድ ትንሽ ነገር በዚህ ሳምንት ማድረግ። ያልተከፈተውን ደብዳቤ መክፈት፣ ይግባኙን መጻፍ፣ የደረሰን በደል ለሚመለከተው ማመልከት፣ ትምህርት መጀመር፣ ወይም ዘሩን ብለን ሰላምታ የነሳነውን ጎረቤት «እንደምን አደርክ?» ማለት። ማንነቱ በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠበቀለት ሰው «እምቢ» መባልን ቢጠላውም እምቢታው ስሙን አያጠፋበትም። ስለዚህ ሄዶ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኛል።

አራተኛ፣ ከጎደለው ላይ መካፈል። ራሽን ሲቀንስ ፍርሃት «ደብቅ፣ ዝጋ» ይላል። ግን በየብሎኩ ማኅበር ጽዋቸውን ያልተዉ፣ ዕድራቸውን ያላፈረሱ፣ ቡናውን አቅጥነውም ቢሆን ጎረቤት የሚጠሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ከሌላው የተረፋቸው ነገር የለም። ሲያካፍሉ ግን ተቀባይ ብቻ አለመሆናቸውን ለራሳቸው ይመሰክራሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በረመዳን ሲያፈጥሩ ካላቸው ያካፍሉናል፤ ይህንን መልካም ነገር ከእነሱም ጋር አብረን እንጠብቀው።

አምስተኛ፣ ልጆቻችንን በስማቸው መጥራት። እዚህ የተወለዱ ልጆች አሉን፤ ከካምፕ ሌላ የማያውቁ። የስማቸውን ትርጉም፣ ማን እንዳወጣላቸው፣ በጸሎት እንዴት እንደተጠበቁ እንንገራቸው። ልጅ ስለ ራሱ የሚሰማው መጀመሪያ ነገር ኬዝ ቁጥሩ መሆን የለበትም። ከሌሊት ጩኸት ጋር ያደገ ልጅ በስሙ ተባርኮ ከተኛ አንድ ነገር ይዞ ያድጋል።

ወገኖቻችን፣ የነገውን አናውቅም። የታገደው ቅበላ ይከፈት ይሆናል፣ ላይከፈትም ይችላል። ራሽኑ ይስተካከል ይሆናል፣ ይዘገይም ይሆናል። ለመብታችን በትዕግሥትና በሰላም መጠየቃችንን እንቀጥል፤ ወረቀታችንንም እንከታተል። ሆኖም በማታ በራችንን ስንዘጋ የምንይዘው የመጨረሻ ሐሳብ «ዛሬም ስሜ አልወጣም» የሚለው አይሁን። ስማችን የወጣበት፣ የሚያውቀንም ያለበት ሌላ መዝገብ አለ። እሱን እያሰብን እንተኛ፤ ጠዋት ተነስተንም ያልከፈትነውን ደብዳቤ እንክፈት።

የአጋር አምላክ ሁላችንንም ይይ። ቸር ይግጠመን።